የዴንት ካልሲ ሠሪዎች

ሰሜን እንግሊዝን የመጎብኘት ዕድል ቢያገኙ ከሴትል ወደ ካርላይል በሚወስደው ባቡር ተሳፍረው ዴንት ጣቢያ ላይ ይውረዱ። ከባሕር ወለል በላይ 350 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ይህ ጣቢያ በእንግሊዝ ዋና የባቡር መሥመሮች ላይ ካሉት ሁሉ ከፍተኛው ነው። መንደሩ ከጣቢያው ርቆ ሸለቆው ውስጥ ተቀምጧል። ሲደርሱ በድንጋይ የተነጠፈ ጠባብ መንገድ፣ በኖራ የተቀቡ ቤቶች፣ የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው የበግ መስክ ያያሉ።

በመንገዱ ዳር የአዳም ሴጅዊክ ስም የተቀረጸበት ትልቅ ድንጋይ ቆሟል። ሴጅዊክ በ1785 (እ.ኤ.አ.) የዚሁ መንደር ቄስ ልጅ ሆኖ ተወለደ፤ ኋላ በካምብሪጅ የሥነ ምድር ፕሮፌሰር ሆነ። በእርጅናው ስለ መንደሩ ሲጽፍ ካልሲ ሠሪዎቹን አልረሳም።

በዴንት ሱፍ ሞልቷል፤ እርሻው ብቻውን ግን ቤተ ሰብ አይመግብም ነበር። ስለዚህ ወንዱም ሴቱም ልጁም ለነጋዴ ካልሲ ይሠራ ነበር። ቀበቶአቸው ላይ በሚሻጥ የተቦረቦረ እንጨት አንዱን መርፌ ስለሚሰኩ እጃቸው ይፈታል፤ ከብት እየነዱም ይሠራሉ። ማታ ማገዶና ሻማ ለመቆጠብ በአንድ ቤት እሳት ዙሪያ ተሰብስበው እያወጉ ይሠሩ ነበር። ከፍጥነታቸው የተነሣ “የሚያስፈሩት ካልሲ ሠሪዎች” ተባሉ፤ በእኛ አነጋገር “ጉደኞቹ” እንደ ማለት ነው።

ዛሬ ካልሲን ፋብሪካ ይሠራዋል፤ በእጁ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕረፍት ፈልጎ ነው። በኪሮሽ ዳንቴል ሠርተው ከሆነ ያውቁታል፦ እጅ አንድ ነገር ሲደጋግም አሳብ ይረጋጋል። ለአንድ ጥንድ የአዋቂ ካልሲ 100 ግራም ያህል ቀጭን የሱፍ ክር በአብዛኛው ይበቃል። የተለመደው አሠራር ከአንገቱ ጀምሮ፣ ሁለቱም ጫፋቸው ሹል በሆነ አራት ወይም አምስት መርፌዎች፣ እየዞሩ ወደ ታች መውረድ ነው። ይህን ከለመዱ ደግሞ ከጣቱ ጀምረው ወደ ላይ ይሞክሩ፤ እየሠሩ እግርዎ ላይ ይለኩታል፣ ክሩ ቢያንስ አንገቱን ያሳጥራሉ። ጀማሪን የሚያስፈራው ተረከዙ ነው። አንዱ ዘዴ ግን ቀላል ነው፦ ረድፉን ሳይጨርሱ ይመለሳሉ፣ በየረድፉ አንድ አንድ ቀለበት ያስቀራሉ፣ ኋላም የቀሩትን አንድ በአንድ ይሰበስባሉ። ያን ጊዜ ሥራው ራሱ እንደ ጽዋ ይጎብጣል።

ነገር ግን ይህ ዕረፍት ለሁሉም ዕረፍት አልነበረም። ገጣሚው ሮበርት ሳውዚ “ዘ ዶክተር” በተባለው መጽሐፉ የሁለት እህትማማቾችን ታሪክ አስፍሯል። ልጆቹ ካልሲ ሥራ እንዲማሩ ከላንግዴል ወደ ዴንት ተልከው ነበር። ኑሮው ከበዳቸው፤ ጠፍተው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ታላቂቱ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

መርፌው ያው ነው፤ ክሩም ያው ነው። ልዩነቱ እርስዎ ሲደክምዎ ማስቀመጥ መቻልዎ ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 5 እግዚአብሔር የሰንበትን ዕረፍት ሲያዝ እስራኤል በግብፅ ባሪያ እንደ ነበሩ እንዲያስቡ ነገራቸው። ዕረፍቱንም ለጌታው ብቻ ሳይሆን ለአገልጋዩና ለአገልጋይቱም አደረገው።

ስለዚህ ካልሲዎን ይዘው ሲቀመጡ ወደ ጓዳ መለስ ብለው ይመልከቱ። ከገጠር መጥታ ቤትዎን የምታግዝ ልጅ ካለች፣ እርሷስ ሥራዋን የምታስቀምጥበት ሰዓት አላት? ናፍቆቷን የምትነግረው ሰውስ አላት? ሌላ መርፌና ክር ገዝተው አጠገብዎ ያስቀምጧት። ከወደደች ትማር፤ ካልወደደችም ትረፍ።