ሽሮ በፒዛ ላይ፦ አንድ እሑድ በለገጣፎ

ለገጣፎን መጀመሪያ ያየኋት በእግሬ ስዞር ነው። በአገራችን የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። እኔም የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ በዚያ አካባቢ ከጎጆ ጎጆ እሄድ ነበር። ዙሪያው ሁሉ የእርሻ ማሳ ነበር። እናቶቹ ልጄን በመርፌ አስለቀስሽብኝ ብለው ይቆጡና፣ ትንሽ ቆይተው ጩኮ ያቀርቡልናል። ጩኮ ለማታውቁት፣ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ የኦሮሞ ምግብ ነው። ሁለት ጉርሻ የጎረሰ ሰው እስከ ማታ ረሃብ የሚባል አያውቅም።

ባለፈው እሑድ በታክሲ ሄድኩ። ከአያት አልፎ ጣፎ እስኪደርሱ ድረስ ያ ማሳ የለም፤ ግራና ቀኙ ቪላ፣ ፎቅና ያላለቀ ሕንፃ ነው። አካባቢው አሁን በሸገር ከተማ ሥር ተካቷል። ስሞቹ ግን እንዳሉ ናቸው። በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ ነው፤ ከዚያው አጠገብ ያለው ለገዳዲ ደግሞ የጠጅ ወንዝ ማለት ነው አሉኝ። አዲስ አበባ ውኃ የምትጠጣበት ግድብ ያለበት ቦታ የጠጅ ስም መያዙ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

የሄድኩት ልጄ ምሳ ጋብዛኝ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ከሦስት ወር በላይ ተኳርፈን ነበር። ስምንት ዓመት የሆነው የልጅ ልጄ ሲመረመር ደም ማነስ አለበት ተባለ። እንጀራ አይነካም፣ ሽሮ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እኔም ባሏ ባለበት «ልጅሽን በብስኩት ነው ያሳደግሽው፤ ምሳ ሲበላ ደግሞ ሻይ ትሰጪዋለሽ» አልኳት። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ ያደርጋል። ይህን ለስንት እናት አስተምሬያለሁ፤ ለእነሱ ስናገር ግን ድምፄ እንዲያ አልነበረም። ልጄ አለቀሰችና መደወል ተወች። አሁን ስትደውል «እማዬ ነይ፣ ብቻ ስለ ምግብ አታውሪ» አለችኝ።

ስለ ምግብ አታውሪ ተብዬ የተወሰድኩት ምግብ ቤት ነው። የምግብ ዝርዝሩን ሳነበው መነጽሬን ሁለቴ ጠረግሁ። የክትፎ ሳምቡሳ፣ የጥብስ ላዛኛ፣ ዶሮ ወጥ በስፕሪንግ ሮል፣ ሽሮ ፒዛ። ዋጋው ለጡረተኛ ባይነገር ይሻላል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አላት፤ እናቴ እያንዳንዱን ብልት ስሙን እየጠራች ነው መገንጠል ያስተማረችኝ። ይኸው ሥጋው ተበጣጥሶ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ መጣ። ቀመስኩት። ቁሌቱ ቁሌት ነው፣ አልዋሽም። ግን ፈረሰኛው የማን፣ መላላጫው የማን? እንቁላሉስ የት ገባ? ይህን እስከ ዛሬም አልተቀበልኩትም።

የክትፎው ሳምቡሳ ግን አስደሰተኝ። በሥራ ዘመኔ ከጥሬ ሥጋ የመጣ ኮሶ ስንቱን ሲያሰቃይ አይቻለሁ። ክትፎ ካልተለበለበ ክትፎ አይደለም ለሚሉ ወንዶች የበሰለ ብሉ ብሎ መምከር ከድንጋይ ጋር መነጋገር ነው። በሊጥ ተጠቅልሎ ዘይት ውስጥ ሲገባ ያለ ምክር በሰለ።

ደግሞ የኛ ባህላዊ ምግብ የምንለውስ ሁሉ ከጥንት የኛ ነበር እንዴ? በርበሬ ዘሩ ከአሜሪካ ምድር ነው የመጣው። በየዓይነቱ ላይ የማይጠፋውን ድንች ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው ሺምፐር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1858 ይባላል። ፓስታ የጣሊያን ነው፤ እኛ ግን በበርበሬ ሠርተን በእንጀራ ስንጎርሰው ማንም አልደነቀው። በኢትዮጵያ ተወልዶ በስዊድን ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን ኒው ዮርክ ሐርለም ውስጥ ሬድ ሩስተር የተባለውን ምግብ ቤት ሲከፍት የኛን ቅመም ከሌላው ጋር እያዋሐደ ዓለምን አብልቷል። የሱ እናት በሳንባ ነቀርሳ የሞተችው እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ውስጥ የሠራሁ በመሆኔ ይሆናል፣ ስለዚህ ሰው ስሰማ ከምግቡ በፊት እናቱ ትታወሰኛለች።

ሽሮ ፒዛው የቀረበው በመጨረሻ ነው። ወጣቱ ምግብ አብሳይ ራሱ ይዞት መጣና እንዴት እንደሚሠራው ጠየቅሁት። ጤፍ ብቻውን ስለማይለጠጥ ከስንዴ ጋር ግማሽ በግማሽ ያደርገዋል። ሊጡን በእንጀራ እርሾ ሁለት ቀን ያቦካዋል። በቲማቲም ስጎ ፋንታ እንደ ተጋቢኖ የወፈረ ሽሮ ይቀባል፤ በላዩ አይብ፣ ቃሪያና ቀጭን የተከተፈ ሽንኩርት ይበትናል። በሆዴ «ጎበዝ» አልኩት። ጤፍ ብረት አለው፤ ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ብረቱ ለሰውነት ይቀላል። ልጁ ይህን የትም ይማረው የትም፣ አያቶቻችን ግን ስሙን ሳያውቁት ሲሠሩት ኖረዋል። ለልጄ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ቃሌ ትዝ ሲለኝ ውኃ ጠጣሁበት።

የልጅ ልጄ አንዱን ቁራሽ አነሳ። አሸተተው። እናቱ ወደ መስኮት አየች፤ እኔ ሶፍት አጣጠፍኩ። ጫፉን ነከሰ፣ ከዚያ ጨረሰው። ሁለተኛውን ሲያነሳ «ይሄ ምንድነው?» አለ። «ሽሮ» አልኩት። «አይደለም፣ ፒዛ ነው» አለኝ። አልተከራከርኩም።

የቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሁሉም በየሳህኑ ነው የሚበላው፤ መሶብ የለ፣ ጉርሻ የለ። ይህን እያሰብኩ ሳለ ልጁ ሦስተኛውን ቁራሽ አጥፎ በእጁ ወደ አፌ አቀረበ። «እማማ፣ ቅመሽ» አለኝ። አይቡ አገጬ ላይ ቀረ።

በልተን ስንጨርስ አስተናጋጁ ሳንጠይቀው አራት ሻይ ይዞ መጣ። ዝም አልኩ። ልጄ አንዱን ብርጭቆ ከልጇ ፊት አንስታ ወደ ራሷ ሳበችና «ለሱ የብርቱካን ጭማቂ አምጣለት» አለችው። ወደኔ አላየችም። ስኳሩን ግን ገፋ አድርጋ አቀረበችልኝ።