ዳንቴሉ ከቴሌቪዥኑ ላይ ሲነሳ

ኧረ ያ ቢጫ ገመድ! በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ሲነካካ ያደገ ሰው እንዴት ይረሳዋል? ቀዩና ነጩ ለድምፅ፣ ቢጫው ለምስል። ከዴኩ ጀርባ ተነቅሎ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሲሰካ ቤታችን የበዓል ዋዜማ ይመስል ነበር። የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ «ቲቪ አውት» የምትባል ቀዳዳ ካለችው፣ ያ ሰው በሰፈሩ የተከበረ ነው።

ዳንቴሉን ከቴሌቪዥኑ አናት ላይ የምታነሳው እማዬ ራሷ ነበረች። ቀስ አድርጋ አጥፋ ቡፌው ላይ ታስቀምጠውና «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ታቃጥለዋለህ!» ትላለች። ግን ከወንበሯ አትነሳም። እኔ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተንበርክኬ እየሰካሁ «መጣ?» እላለሁ፤ ልጆቹ «አልመጣም!» ይላሉ። «አሁንስ?» ሰማያዊው ስክሪን ብልጭ ይልና የኮምፒውተሩ ምስል በሳሎኑ ግድግዳ በኩል ሲከሰት ጩኸቱ ጎረቤት ይጠራል። በሲዲ የተገለበጠ ፊልም፣ በትንሿ ሞኒተር ሁለት ሰው ተጣቦ ያየው የነበረው፣ አሁን ለቤተሰቡ ሁሉ ሆነ! ያን ደስታ ዛሬ ሳስበው እንኳ ልቤ ይዘላል።

ፊልም ሲሆን እንዲህ ነው። ጽሑፍ ሲመጣ ጉዱ ሌላ ነበር። ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ ስከፍት «ቡ» እና «ቢ» አንድ ይሆናሉ። የእኛ ፊደል ምስጢሩ ያለው ወገቡና እግሩ ላይ በምትቀጠል ትንሽ ጭረት ነው፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ መጀመሪያ የሚውጠው እሷኑ ነው። ያኔ በአገራችን ቴሌቪዥን ይሠራበት የነበረው የፓል ሥርዓት 625 መስመር አለው፤ ከነዚያ ምስል የሚይዙት 576ቱ ናቸው። እነሱም አንድ ላይ አይሳሉም፤ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ አንዴ ጎዶሎዎቹ፣ አንዴ ሙሉዎቹ እየተፈራረቁ ነው። ስለዚህ ቀጭን አግድም መስመር ሁሉ ይርገበገባል። በዚያ ላይ ቢጫው ገመድ ብርሃንና ቀለምን በአንድ ሽቦ ቀላቅሎ ስለሚያሳልፍ በየፊደሉ ዳር ቀስተ ደመና ይወጣል። ቴሌቪዥኑን ግን አልወቅሰውም። እሱ የተሠራው ከሶፋ ላይ ሆኖ ዜና ለሚያይ ሰው ነበር።

ደግሞ ጠርዙ! የዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን የምስሉን ዙሪያ ከክፈፉ ኋላ ይደብቃል፤ ያልጠራው የሥርጭት ጠርዝ ለተመልካች እንዳይታይ ታስቦ ነው። ለዜና አንባቢ ምንም አይደል። የእኛ «ስታርት» ቁልፍ ግን ግማሿ ትሰወራለች። ማውሱን ወደማይታየው ጥግ ልከን፣ በግምት ተጭነን፣ ዝርዝሩ ብቅ ሲል ምን ያህል እንፈነጥዝ ነበር!

በኋላ ታሪኩን ሳነብ የበለጠ ፈነጠዝኩ፤ ለካ የኮምፒውተርና የቴሌቪዥን ጋብቻ ከእኛ በፊት የተጀመረ ነው። ዶን ላንካስተር የተባለ አሜሪካዊ በ1973 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን ላይ ፊደል የሚጽፍ መሣሪያ አሠራሩን በመጽሔት አስተማረ። በ1977 የወጣው የስቲቭ ወዝኒያክ አፕል ቱ በቤት ቴሌቪዥን ላይ ይሠራ ነበር፤ ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን ቻናል የሚቀይረው ቁራጭ ዕቃ ግን ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ቢሸጥ የአሜሪካን የሬዲዮ ሞገድ ደንብ ስለማያልፍ በሌላ ድርጅት ተሠርቶ ለብቻው ይሸጥ ነበር። በ1982 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው ዜድኤክስ ስፔክትረም ደግሞ በ125 ፓውንድ ይገዛ ነበር፤ ስክሪኑ ቀድሞ በየቤቱ ስላለ! በዚያው ዓመት የመጣው ኮሞዶር 64 በአንድ መስመር 40 ፊደል ብቻ ይጽፍ ነበር፤ ከዚያ ከበዛ በቴሌቪዥን ለማንበብ ያስቸግራል። በእኔ እምነት ኮምፒውተርን ከቢሮ አውጥቶ ወደ ሳሎን ያስገባው ሞኒተር ሳይሆን ቴሌቪዥን ነው።

ዛሬስ? ዛሬማ አንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ፣ አንድ ጊዜ ጠቅ፣ አለቀ! 43 ኢንች ፎርኬ ቴሌቪዥን 3840 በ2160 ነጥብ አለው፤ ያ የስፔክትረም ስክሪን 256 በ192 ነበር። በነጥብ ብዛት ከ168 ስፔክትረም በላይ በአንድ ቴሌቪዥን ላይ ማለት እኮ ነው! በአንድ ኢንች 100 ነጥብ ገደማ ይደርሳል፤ ተራው 24 ኢንች ሙሉ ኤችዲ ሞኒተር 92 ነው። «ቢ» እግሯ ሥር ያለችው ጭረት ቁልጭ ብላ ስትታይ አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ። አራት ገጽ ጎን ለጎን ዘርግቼ እሠራለሁ። እማዬ ደግሞ እህቴ ከዋሽንግተን ስትደውል «ኮምፒውተሩን ቲቪው ላይ አድርግልኝ» ትላለች፤ የልጅ ልጆቿን በሳሎኑ ልክ ታያቸዋለች። ዳንቴሉ ወደ ሶፋው ተዛውሯል፤ የአሁኑ ቴሌቪዥን እንደሆነ ዳንቴል የሚያስቀምጡበት አናት የለውም።

ስለዚህ ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አውጡት! ብዙውን ጊዜ ሌላው አካሉ ደህና ነው። ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኙት። በሜኑው የመግቢያውን ስም «ፒሲ» በሉት፤ ብዙ ቴሌቪዥን ለፊልም ብሎ የቀለሙን ዝርዝር ስለሚቀንስ በጥቁር ላይ ያለ ቀይ ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ በዚህ ግን ብዙውን ጊዜ ይጠራል። ማውሱ ከእጃችሁ ኋላ የሚጎተት ከመሰላችሁ «ጌም» የሚለውን ምረጡ። ጠርዙ ከተቆረጠ የምስሉን መጠን ወደ ሙሉው መልሱት። በቅርብ ስለምትቀመጡ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ። ከገመዱ በቀር የምትገዙት ነገር የለም፤ ዛሬ ማታ ሞክሩት።