ያልተፈታው ፊደል

እኛን ሀሌታው «ሀ»ና ሐመሩ «ሐ» ሲያከራክሩን፥ ለካ የባሰም ኖሯል! ሰሞኑን በ19ኛው መቶ ዓመት ከአሜሪካ፥ ከኒው ቤድፎርድ ወደብ የወጡ የዓሣ ነባሪ አዳኞችን የመርከብ መዝገብ በኮምፒዩተር ስናገላብጥ ከረምን።

ጸሐፊው አብዛኛውን ጊዜ የካፒቴኑ አንደኛ ምክትል ነው። ቃሉን እንደሰማው ይጽፋል፤ መዝገበ ቃላት ምኑ ነው! በድሮው ልማድ ሁለት «ኤስ» ሲገጥሙ ፊተኛዋ ረዝማ «ኤፍ» ትመስላለች። ቀኑ ከቀትር እስከ ቀትር ስለሚቆጠር ማታው ከጠዋቱ ይቀድማል። የተገደለው ዓሣ ነባሪ ሙሉ አካሉ በማኅተም ይታተማል፤ ያመለጠው ጅራቱ ብቻ።

መላው ምንድነው? ጮክ ብሎ ማንበብ! ዓይን ያልፈታውን ጆሮ ይፈታዋል። እምቢ ካለም፥ «ነፋስ» በሚለው በታወቀ ቃል ፊደሉን ማመሳከር ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ቢሉ፥ የነፋሱና የበረዶው ታሪክ እዚያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በጦር መርከቦች መዝገብ የጀመረው «ኦልድ ዌዘር» ኋላ ወደነዚህም የዞረው ለዚሁ ነው። አንዲት ቁጥር ብትሳሳት በረዶው ከሌላ ባሕር ይገኛል። ሰውም አለ፤ ጀልባ ተገልብጦበት የቀረ መርከበኛ ስሙ በዚያች በተጣመመች መስመር ብቻ ተርፎ ይሆናል። ታዲያ በግምት እንሙላው? የለም። ባዶውን ትተን ለተከታዩ አንባቢ እናቆየዋለን።