ከብዙ ልጆች ጋራ በጀርመን አገር ስለ ማደር

በጀርመን አገር የሆቴል ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ሰው የተሰናዳ ነው። እኛም አራት ልጆች ይዘን በሄድን ጊዜ ሦስት ክፍል እንድንከራይ ተነገረን። ገንዘቡስ ይሁን፤ ታናናሾቹን በሌላ ደርብ ለብቻቸው ማሳደር ግን ለእናታቸው አልሆነላትም። ስለዚህ ዩገንድኸርበርገ ወደሚባለው የወጣቶች ማደሪያ ሄድን። የዚህ ዓይነቱን የመጀመሪያ ቤት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1912 ዓመት፥ ሪኻርድ ሺርማን የሚባል አስተማሪ በአልቴና ግንብ አቋቁሞት ነበር። ስሙ የወጣት ይባል እንጂ ወላጆችን ከነልጆቻቸው ይቀበላል፤ አራትና ስድስት አልጋ ያለው ክፍልም ይገኝበታል። አልጋው አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ ስለ ሆነ ክብሩን የሚወድ ሰው ቅር ይለው ይሆናል፤ ልጆቹ ግን ላይኛውን ለመያዝ ተሻሙ። ለማደር የማኅበሩን የአባልነት ካርድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ለቤተ ሰቡ ሁሉ አንድ ካርድ ይበቃል። በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት ክፍሉ ቶሎ ያልቃልና፥ የልጆቹን ቍጥርና ዕድሜ ገልጦ አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል።