ክሩን ማን በጠሰው?

በገንዘብ የተጣላ ጓደኛ ሞልቷል። በሴት የተጣላም እንደዚሁ። በክር የተጣላ ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትሳቁ! እኔ 6 ዓመት አንድ ቤት ተከራይተን፣ ከአንድ ትሪ በልተን ከኖርነው ጓደኛዬ ጋር የተለያየሁት በአንዲት ክር ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ደብል ቤዝ ተጫዋች ነኝ። ኮንትራባስ የሚሉትም አሉ። ሲያቆሙት ከሰው የሚበልጠው፣ ታክሲ ውስጥ "የሁለት ሰው ትከፍላለህ!" የሚያስብለው ያ ትልቁ መሣሪያ ማለት ነው። አራት ክሮች አሉት፤ ከወፍራሟ ኢ ተነስቶ ኤ፣ ዲ፣ በመጨረሻ ቀጭኗ ጂ። በ2008 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ዜጋ ላይ ስገዛው ያረጀ ነበር። እኔ ግን እንደ ሙሽራ ነው አቅፌ ቤት ያስገባሁት።

ችግሩ ክሩ ነው። የጊታር ክር ሱቅ ገብታችሁ ትገዛላችሁ። የደብል ቤዝ ግን ስፈልግ ውዬ አንድም ሱቅ ውስጥ አላገኘሁም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ይለመናል፣ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ይለመናል... ዋጋውማ አይወራ! ቅዳሜና እሁድ ሆቴል ተጫውቼ በወር የማገኛትን ጠራርጎ ይወስዳታል።

የመጀመሪያዋ ክር የተበጠሰችው በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ሠርግ ቤት ነው። ሙሽሮቹ እየገቡ ሳለ ጂ ክሬ "ጧ!" አለች። የሙሽራዋ እናት "በስመ አብ!" ብለው አማተቡ፤ አንደኛው ሚዜ ጥይት መስሎት ጎንበስ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ማልቀስ ነበር የቀረኝ። የቀረውን ምሽት በሦስት ክር ተወጣሁት።

የተተካችውም ሁለት ወር አልቆየችም። ጓደኛዬ ፒያኖ ተጫዋች ነው፤ አንድ ባንድ ውስጥ ነበርን። ታዲያ እኔ በሌለሁበት "ትንሽ ልሞክራት" እያለ ደብል ቤዙን ማንሳት ይወዳል። አንድ ቀን ማታ ከውጭ ስገባ ጂ ተበጥሳ ተንጠልጥላለች። እሱ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ይነካካል።

"ምን አድርገሃት ነው?" አልኩት።

"እኔ አልነካኋትም። ቁጭ ባለችበት ነው ጧ ያለችው።"

"ክር ብቻዋን ትበጠሳለች? ማንን ነው የምታሞኘው?"

"እናቴ ትሙት አልነካኋትም!"

አላመንኩትም። ያን ማታ ከአፌ የወጣውን ሁሉ እዚህ ብጽፈው አዘጋጁም አያወጣልኝ። "ቅናት ነው" ሁሉ ብዬዋለሁ። በሳምንቱ ልብሱን በፌስታል ሰብስቦ ወጣ። ባንዱንም ተወ።

ሦስተኛዋ ክር በነሐሴ ተበጠሰች። ቤቱን ቆልፌ ወጥቼ ስመለስ ተንጠልጥላ ጠበቀችኝ። አሁን ማንን ልክሰስ? ድመት እንኳ የለኝ!

በማግስቱ መሣሪያውን ተሸክሜ፣ የተበጠሱትን ሦስት ክሮች በኪሴ ይዤ፣ ጡረታ ወደወጡ አንድ የኦርኬስትራ ተጫዋች ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ታሪኩን ከነጠቡ ስተርክላቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "የት ቦታ ላይ ነው የሚበጠሰው?"

ጉድ ፈላ! አላየሁማ! ሦስት ክር ጨርሼ፣ አንድ ጓደኛ አጥቼ፣ የተበጠሰበትን ቦታ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁም። ጋሼ ክሮቹን ተቀብለው ጎን ለጎን ዘረጓቸው። ሦስቱም የተበጠሱት አንድ ቦታ ላይ ነው። አንገቱ ጫፍ፣ ከመቃኛዎቹ በታች፣ ክሮቹ የሚያልፉባት ትንሽ ጥቁር እንጨት አለች፤ እሷ ላይ።

ጂ በምታልፍበት ቦይ ውስጥ ጥፍራቸውን ሰደድ አደረጉና "ይህን ማን ቆረጠው?" አሉኝ።

ውሃ ሆንኩ። እኔ ነኛ! ከዚያ ሠርግ በፊት "ክሩ ጣቴን ገደለኝ፣ ዝቅ ይበልልኝ" ብዬ ሰፈር ውስጥ ካለ አናጢ ዘንድ ወስጄ፣ በብረት መጋዝ ቦዩን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። አናጢው ምን አጠፋ? ያዘዝኩትን ነው የሠራው። ቦዩ ጠባብና ጠርዘ ስለታም ሆኖ ክሯን እንደ ጥርስ ነክሷት ኖሯል። መቃኛውን ባዞርኩ ቁጥር ክሯ መንሸራተት ሲገባት እዚያው ትታኘካለች።

ድሮ የደብል ቤዝ ክር እንደ በገናችን ከበግ አንጀት ነበር የሚሠራው። የዛሬው በአብዛኛው ብረት ነው። አንዱ የብረት ክር 25፣ 30 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ተወጥሮ ነው የሚውለው የሚያድረው፤ አራቱ ሲደመሩ ከኩንታል ያልፋሉ። እንዲህ የተወጠረ ነገር አንድ ቦታ ከቆሰለ ማንም ሳይነካው፣ በእኩለ ሌሊትም ይበጠሳል። ጓደኛዬ እውነቱን ነበር።

ጋሼ ያን ቀን ያሳዩኝን ልንገራችሁ። ጊታር ለምትሞካክሩም አብዛኛው ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፦ ክር ሲበጠስ የተበጠሰበትን ቦታ እዩ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነ ጥፋቱ የክሩ አይደለም፤ የቦታው ነው።

ሁለተኛ፦ ቦዩ የክሩን ውፍረት የሚያህል፣ ታቹ ክብ፣ ጠርዙ ለስላሳ ይሁን። ክሩ ከውፍረቱ እኩሌታ በላይ ውስጡ መስጠም የለበትም። ይህ በቀጭን ክብ ሞረድና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት የሚሠራ ሥራ ነው። መጋዝ አይነካውም!

ሦስተኛ፦ እርሳስ! ተራ የተማሪ እርሳስ። ክር በቀየራችሁ ቁጥር ቦዩን በጥቁሩ ቀቡት፤ ክሩ ሳይነከስ ይንሸራተታል።

አራተኛ፦ ብርኩማው። ክራርና በገና የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክሮቹን ከሆዱ ከፍ አድርጎ የሚይዘው ነው። የእሱንም ቦዮች በእርሳስ ቀቡ። ክር ስትወጥሩ አናቱ ወደ አንገቱ ይሳባል። ከጎን ሆናችሁ እዩትና ካዘመመ ክሮቹን ትንሽ አላልታችሁ በሁለት እጃችሁ ቀስ ብላችሁ አቃኑት። ዝም ካላችሁት ክሩ ይጎዳል፤ ሲብስም ብርኩማው ወድቆ የመሣሪያውን ሆድ ይሰነጥቃል።

አምስተኛ፦ መቃኛው ላይ ክሩ ጎን ለጎን ይጠቅለል። አንዱ ዙር በሌላው ላይ አይውጣ፣ ግድግዳውንም አይታከክ። አዲስ ክር ስትቃኙ አትቸኩሉ። ጂ በሴኮንድ 98 ጊዜ ነው የምትርገበገበው፤ ስልካችሁ ላይ መቃኛ ጭናችሁ እያያችሁ ቀስ እያላችሁ ድረሱበት። ከልኳ ካሳለፋችኋት ዋጋዋን ታውቃላችሁ።

ስድስተኛ፦ አራቱንም በአንዴ እንዳትፈቱ! ሆዱ ውስጥ ያለ ሙጫ፣ በክሮቹ ግፊት ብቻ የቆመች እንጨት አለች። ሁሉም ከላሉ ትወድቃለች። አንዱን ፈታችሁ፣ አንዱን አስራችሁ፣ ተራ በተራ ቀይሩ። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ላቡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ያልተበጠሰ አሮጌ ክርም ለክፉ ቀን አስቀምጡ።

ጋሼ የተበላሸችውን እንጨት አውጥተው አዲስ ቀረጹልኝ። ገንዘብ ላወጣ ኪሴ ስገባ "ለእኔ የለብህም፤ ለልጁ ነው ያለብህ" አሉኝ።

ሦስት ቀን ፈራሁ። በአራተኛው ቀን የሚጫወትበት ቤት ድረስ ሄጄ ሦስቱን የተበጠሱ ክሮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "የበጠስኳቸው እኔ ነኝ" አልኩትና ሁሉንም ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣ "በእናቴ ምዬልህ አላመንከኝም" አለኝ። ስድቡን ሁሉ ረስቶታል፤ ይቺን ግን አልረሳትም።

ይቅርታዬን ተቀበለ። ማኪያቶም ጋበዘኝ። ወደ ቤት ግን አልተመለሰም፤ እኔም ደፍሬ አልለመንኩትም። ዛሬም አልፎ አልፎ ይደውላል። "ክሯ እንዴት ናት?" ይለኛል። "ደህና ናት" እለዋለሁ። እውነቴን ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም አልተበጠሰችብኝም። በቤታችን የቀረው የእሱ አልጋ ግን ባዶ ነው።

እናንተም ቤት የሆነ ነገር ተበጥሶ ይሆናል። ሰው ላይ ጣት ከመቀሰራችሁ በፊት ወደ ቦታው ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ምናልባት መጋዙን ያዘዛችሁት እናንተ ትሆናላችሁ።

ቸር እንሰንብት!