እሪታ በከንቱ እንዳይቀር

በአዲስ አበባ፣ ከራስ መኰንን ድልድይና ከአፍንጮ በር ብዙም ሳይርቅ፣ እሪ በከንቱ የሚባል ሠፈር አለ። የአካባቢው ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት፣ ከተማይቱ ገና የመንገድ መብራት ባልነበራት ዘመን፣ በሸለቆው ውስጥ ቀማኛ ያገኘው መንገደኛ የቱንም ያህል ቢጮህ የሚደርስለት አልነበረምና ስሙ ከዚያ ወጣ ይባላል። ትረካው እውነት ይሁን አይሁን፣ ስሙ የያዘው ቁም ነገር ግን ቀላል አይደለም። በዚህ ስም ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው የሚጮኸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጩኸቱን ሰምቶ ከቤቱ ያልወጣው፣ ወይም የወጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ የሆነው ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተዘፍኗል። ስለ ሁለተኛው ግን እምብዛም አይነገርም።

በአፍንጮ በር ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የሠፈራቸው ዕድር ጸሐፊ ሆነው ሲያገለግሉ፣ ሦስት መዝገቦችን በጥንቃቄ ጠብቀው ኖረዋል። በመጀመሪያው የወር መዋጮ፣ በሁለተኛው የቀብር ወጪ፣ በሦስተኛው ደግሞ ዕድሩ ከሠፈሩ ውጭ ላሉ ወገኖች ያደረገው ርዳታ ይጻፍበታል። መምህሩን ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ የነሳቸው ይህ ሦስተኛው መዝገብ ነው። ገጾቹን አንድ በአንድ ሲገልጡ፣ በ1977 ዓ.ም. በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች፣ በ1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ በጎርፍ ለተጎዱ፣ በ2009 ዓ.ም. በቆሼ ለተጎዱ፣ በ2016 ዓ.ም. በጎፋ በመሬት መንሸራተት ለተጎዱ የሚሉ አርእስት ይነበባሉ። የሰው ደግነት በግልጽ የሚታይበት መዝገብ ነው። ከቀን ሥራ ከሚገኝ ገቢ ላይ የተቀነሰ ብር አለበት፤ ከጉልት ንግድ የተረፈ ሳንቲም አለበት። ነገር ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት የተጻፈ አንድም ብር የለበትም።

የዚህ ጉድለት ታሪክ ከመዝገቡ ዕድሜ ይበልጣል። መምህሩ ገና ተማሪ ሳሉ፣ በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ስትማቅቅ፣ ከአፍንጮ በር ጥቂት ሽቅብ ሲወጡ በሚገኘው በስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ፣ መምህራን ወደ ሥፍራው ተጉዘው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ለሕዝብ እይታ አቅርበው ነበር። የዘመኑ ባለሥልጣኖች ግን ጉዳዩ እንዲሸፋፈን ፈለጉ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት የግብዣ ትዕይንቶች ጋር ተቀነባብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የወገን ጩኸት ችላ ሲባል መንግሥትን እስከ መጣል የሚደርስ ኃይል እንዳለው ትውልዱ በዓይኑ አየ።

ይሁን እንጂ ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ጥፋት ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር፤ ኮሚሽኑም በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለዓለም መንግሥታት የማስጠንቀቂያ ጥሪ አሰምቶ ነበር። ለጋሾቹ መንግሥታት ጥሪውን በጥርጣሬ ሰሙት። በአገር ውስጥም መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በድምቀት ሲከበር፣ የረሃቡ ነገር ከአደባባይ ወሬ ርቆ ቆየ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የኬንያዊው የፊልም ባለሙያ መሐመድ አሚንና የእንግሊዛዊው ማይክል ቡርክ ዘገባ ከኮረም ሲተላለፍ ግን፣ ለወራት ተዘግቶ የነበረው የዓለም ልብና ኪስ በአንድ ሌሊት ተከፈተ። ርዳታው ብዙዎችን አተረፈ፤ ይህ አይካድም። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የሞቱት ግን ጩኸታቸው ሳይሰማ የቀረ አይደሉም። ተሰምቷል፤ የታመነው ግን በምስል ከታየ በኋላ ነው።

አደጋ ሁሉ በዝግታ አይመጣም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ የደረሰው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሕዝቡን በተኛበት ነበር ያገኘው። ዝናቡ የጣለው ከከተማው በላይ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ነው። ደቻቱ በበጋ ደርቆ አሸዋ የሚታይበት፣ ሰው እንደ ልቡ የሚሻገርበት ወንዝ ስለ ሆነ ዳርቻው ሰፊ መኖሪያና መገበያያ ሆኖ ነበር። በዚያች ሌሊት ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በማግስቱ ከመላው አገሪቱ ብርድ ልብስ፣ እህልና ገንዘብ ጎረፈ። የመምህሩ ዕድርም የድርሻውን ላከ። ነገር ግን በተራራው ላይ ዝናብ ሲጥል በከተማው ውስጥ ለሚተኛው ሰው ማን ይነግረዋል የሚለው ጥያቄ፣ ከብርድ ልብሱ አስቀድሞ መመለስ የነበረበት ጥያቄ ነበር።

የቆሼው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም አደጋው ከሩቅ ተራራ የመጣ ሳይሆን ከተማው ራሱ በእጁ የከመረው ነበር። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት፣ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው ጉብታ ተንዶ ከሥሩ ያሉትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሰንዳፋ ላይ ተሠርቶ የነበረው አዲስ ማስወገጃ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ሥራውን በማቋረጡ፣ ቆሻሻው ወደ ቆሼ መመለሱን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ አለ። የፒያሳና የአፍንጮ በር ሰው ሲያዝን እውነተኛ ሐዘን አዘነ። ሆኖም መምህሩ በዚያ ሰሞን መዋጮ ሲመዘግቡ አንድ ሐሳብ ብዕራቸውን ያዘው፤ ለሟቾቹ ገንዘብ የሚያዋጣው እያንዳንዱ ቤት፣ በዚያ ጉብታ ላይ የራሱን ቆሻሻ የላከ ቤት ነው። ለጋሱም ተጠያቂውም በአንድ መዝገብ ላይ፣ በአንድ ስም ሰፍሯል።

የጎፋው አደጋ ግን ለሐሳባቸው ሌላ ገጽታ ሰጠው። ሰኞ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬቱ ተንሸራትቶ ቤቶችን ቀበረ። ጩኸት ተሰማ። በዚህ ቀበሌ ጩኸቱን ሰምቶ ከቤቱ የቀረ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጎረቤት በአካፋና በባዶ እጁ ጭቃውን እየቆፈረ ወገኑን ሊያወጣ ተሰበሰበ። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ከሕዝቡ ጋር ነበሩ። በዚህ መካከል ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደ፤ ሊረዱ የመጡትንም ቀበረ። ከ240 በላይ ሰው ሞተ። ከሐምሌ 20 ቀን ጀምሮ ለሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ሆነ።

እነሆ፣ በእሪ በከንቱ ትረካ ውስጥ የጎደለው ሁለተኛው ሰው፣ ጩኸት ሰምቶ የሚሮጠው ሰው፣ በጎፋ ተገኝቷል። ተገኝቶም ሞተ። በዝናብ የራሰና አንድ ጊዜ የተናደ ገደል ዳግም ሊናድ እንደሚችል የመሬትን ጠባይ የሚያጠኑ ያውቃሉ። ይህን ዕውቀት ከቆፋሪው ጆሮ ያደረሰለት ግን አልነበረም። ስለሆነም የሕዝብ ደግነት ብቻውን በቂ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚያ ጭቃ ሥር ተቀብሯል። ደግነት ዕውቀትና ዝግጅት ካልተጨመረበት፣ ከኅብረተሰቡ መካከል ቀድሞ የሚጨርሰው ደጎቹን ነው። ለጋስ ሰው የሚሞትበት፣ ቸልተኛ ሰው የሚተርፍበት ሥርዓት ፍትሐዊ ሊባል አይችልም።

መምህሩ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በተደረገው የዕድር ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ያቀረቡት ከዚህ በመነሣት ነው። በዚያው ዓመት ከፒያሳና ከአራዳ ብዙ ነዋሪ ለከተማው መልሶ ማልማት ተነሥቶ ወደ ሌላ ሠፈር ስለ ሄደ፣ ዕድሩም በከፊል ተበትኖ ነበር። ከቀሩት አባላት ጥቂቶቹ የሚኖሩት በወንዙ አፋፍ ላይ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ 7 ሰዎች መሞታቸውን ሁሉም ያስታውሳል። መምህሩ የጠየቁት ከዕድሩ ተቀማጭ ገንዘብ ላይ ጥቂቱ ወጥቶ፣ በአፋፉ ላይ ላሉት ቤቶች የድንጋይ ድጋፍ ግንብ እንዲሠራበት ነበር።

ክርክሩ ረጅም ሆነ። አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «ጋሼ፣ የዕድር ገንዘብ የሬሣ ገንዘብ ነው። አባቶቻችን ያቋቋሙት ለቀብር ነው። ለግንብ ካወጣነው ነገ ማንን በምን እንቀብራለን?» አሉ። ሌላው፣ ግንብ መሥራት የመንግሥት ሥራ መሆኑን፣ ዕድርም የመንግሥትን ኃላፊነት ከተሸከመ መንግሥት የራሱን ትከሻ እንደሚያሳርፍ አስረዳ። ሁለቱም አነጋገር ጭብጨባ አገኘ፤ ሁለቱም እውነት ነበረበትና። በመጨረሻ ከአፋፉ የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እኛ ስንሞት ድንኳን ትተክሉልናላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። በሕይወት ሳለን ግን አንድ ድንጋይ ታቀብሉን ዘንድ ሕጉ አይፈቅድም ማለት ነው?» ብለው ተቀመጡ። ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም።

ስብሰባው የደረሰበት ውሳኔ ከመምህሩ ሐሳብ ያነሰ ነበር። ተቀማጩ ገንዘብ አልተነካም። በምትኩ ለወርኃዊው መዋጮ ጥቂት ብር ተጨመረበትና ለብቻው በአዲስ መዝገብ እንዲያዝ ተደረገ። ከክረምት በፊት አፋፉን ዞረው የሚመለከቱ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፤ ያዩትንም ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንዲያቀርቡ፣ መልስ እስኪያገኙም እንዲመላለሱ ታዘዙ። አራተኛው ውሳኔ ግን ማንም ያላሰበው ነበር። ጎሕ ሲቀድ ለለቅሶ የሚነፋው የዕድሩ ጡሩምባ፣ ሌሊት ወንዙ ሲሞላም ሰውን ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ እንዲነፋ ተስማሙ። ሞትን ሲያረዳ የኖረው ጡሩምባ በሕይወት ላለው እንዲጮህ የተፈቀደለት በዚያች ቀን ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሌላው ዓለም የሆነው ሲታይ ትንሽ አይደለም። በኅዳር 1963 ዓ.ም. በዛሬዋ ባንግላዴሽ የባሕር ዳርቻ በደረሰው ታላቅ አውሎ ነፋስ ከ300,000 ያላነሰ ሕዝብ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያች ድሃ አገር በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አደራጀች፤ ድምፅ ማጉያና ባንዲራ ሰጠቻቸው፤ የመጠለያ ሕንፃዎችን ሠራች። በኅዳር 2000 ዓ.ም. ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ በመታት ጊዜ የሞተው ሰው ከ3,000 በላይ ነበር። ሐዘኑ ታላቅ ቢሆንም፣ ከቀድሞው ጋር ሲመዘን አያሌ ሕይወት ተርፏል። በአንጻሩ በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሀብታሚቱን አሜሪካ በመታ ጊዜ፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ የጎርፍ መከላከያ ግንቦቹ ፈረሱ፤ ውጡ የሚለው ትእዛዝ ቢነገርም መኪና የሌለው ድሃ የሚወጣበት አላገኘምና በየጣሪያው ላይ ቀረ። ስለዚህ የአንድ አገር ኃላፊነት የሚለካው በሀብቷ ብዛት ብቻ አይደለም። ማስጠንቀቂያው ከመጨረሻው ቤት መድረሱና የመጨረሻው ቤት ሰውም መሄጃ ማግኘቱ ነው መለኪያው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለብዙ መሥሪያ ቤት፣ ለብዙ ጋዜጣ፣ ለብዙ መድረክም ይሠራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውም ከዚያው ሕዝብ አፍ የወጣ ነው፤ ሥራ ላይ የሚያውለው ግን ጥቂት ነው። በኃላፊነት ወንበር የተቀመጠ ሰው ከአደጋ በኋላ በሐዘን ቦታ መገኘቱ መልካም ነው፤ ከክረምት በፊት በአፋፉ ላይ መገኘቱ ግን ግዴታው ነው። መምህር የተራራን መናድና የወንዝን ጠባይ ለልጆች ሲያስተምር፣ ያን ትምህርት ወደ አባትና እናት የሚያደርስ መልእክተኛ እያሠለጠነ መሆኑን ያስብ። የጥበብ ሰውም የራሱ ድርሻ አለው። በ1965 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ የተሰቀሉት ፎቶግራፎችና በ1966 ዓ.ም. የታየው ፊልም ጥበብ ዓይን መሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ዛሬ ደግሞ የሚፈለገው ዓይን እንባውን ብቻ ሳይሆን ስንጥቁን፣ የተናደውን ብቻ ሳይሆን ሊናድ ያለውን የሚያይ ነው። የሙት ገላ የሚሥል ሠዓሊ አይታጣም፤ የተሰነጠቀ ግንብ የሚሥል ግን ይፈለጋል።

የመምህሩ አዲስ መዝገብ ገና ጥቂት ገጾች ብቻ ተጽፎበታል። ገንዘቡም ለአንድ ግንብ የሚበቃ አይደለም። ይሁንና በዕድሩ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሟች ሳይኖር የተዋጣ ብር የሰፈረበት መዝገብ ነው። ጎርፍንና ናዳን ተፈጥሮ ታመጣቸው ይሆናል፤ እሪታን ከንቱ የሚያደርገው ግን ሰው ነውና፣ ይህን ማስቀረትም ለሰው የተሰጠ ሥራ ነው።