እጅ ይሉኝታ አያውቅም

እንደሚታወቀው በአገራችን ሰው ጤናውን ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ያደረውም፣ ትኩሳት የያዘውም እንዲሁ ነው የሚለው። ይሉኝታ ነው፤ ሰውን ላለማስጨነቅ ነው። እጅ ግን ይሉኝታ አያውቅም። የጨበጥነው መዳፍ ቀዝቅዞ ወይም በላብ ርሶ ከሆነ፣ አፍ «ደህና» ብሎ ሳይጨርስ እጁ ሌላ ነገር ነግሮናል። ነርሲንግ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ሰው ሰላም ስል ዓይኔ ወደ እጁ ይሄዳል። ጓደኞቼ «መዳፍ አንባቢዋ» እያሉ ያሾፉብኛል። እኔ እንኳ ዕድል አልነግርም።

የሕፃናት ሕክምና ስንማር መጀመሪያ የገረመኝ ነገር የደም ማነስን ለመገመት የምንጠቀምበት መሣሪያ የራሳችን መዳፍ መሆኑ ነው። የፊት ቀለም ከሰው ሰው ይለያያል፤ ጠይሙም ቀዩም ከአንድ ቤት ይወጣል። መዳፍ ግን ቀለሙ ቀለል ያለ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ደም ያሳያል። የሕፃኑን እጅ ቀስ ብለን ከፍተን፣ ጣቶቹን ወደ ኋላ ሳንለጥጥ (ከተለጠጡ ደሙ ይሸሽና የጤነኛውም ይነጣል) ከራሳችን መዳፍ ጋር እናስተያያለን። በጣም ከነጣ ከባድ የደም ማነስ ነው ብለን በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል እንልካለን። ታዲያ የነርሷስ መዳፍ ከነጣ? ይህ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ተነስቶ ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን ተያየን። አንዷ ጓደኛችን ከሁላችን ነጥታ ተገኘች። በካፌው ሽሮ አሳበብን፤ ስትመረመር ግን የመንጠቆ ትል ሆኖ ተገኘ። ሌላው ፈተና እንሶስላ ነው። ለሠርግ እጇን ያቀላችን እናት በመዳፏ መለካት አይቻልም፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው።

ስለ ጥፍርም ብዙ ማለት ይቻላል። እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ጥፍር የብረት ማዕድን እጥረትን ሊጠቁም ይችላል። የጣት ጫፍ አብጦ ጥፍሩ ሲቆለመም ደግሞ የሳንባ ወይም የልብ ችግር ይጠረጠራል። ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ሌዎ ሻምሮት እ.ኤ.አ. በ1976 ያስተዋወቀው መፈተሻ ቀላል ነው። የሁለቱን እጆች ተመሳሳይ ጣቶች ጥፍር ለጥፍር ማጋጠም፤ በመሐል ትንሽ ቀዳዳ ካልታየች ሐኪም ማማከር ነው። ሻምሮት ይህን ያስተዋለው ልቡን ታሞ ሳለ በራሱ ጣቶች ላይ ነበር። (አሁን እያጋጠማችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጨርሱና እንቀጥል።)

እኔን ብዕር ያስነሳኝ ግን ሌላ ነው። ሰፈራችን ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት አሉ፤ ስማቸውን ሳልጠራ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። አክንባሎውን ያለ ጨርቅ ስለሚያነሱ ሰፈሩ «እሳት የለመደ እጅ» እያለ ያደንቃቸዋል። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ሄጄ እንጀራ ልገዛ ስገባ፣ ገንዘቡን ሲቀበሉኝ ትንሿ ጣታቸው ላይ ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ አየሁ። የቀለበት ጣታቸውም የቆየ ጠባሳ አለበት። ሁለቱም ጣቶች ወደ ውስጥ ታጠፍ ብለዋል።

«እማማ፣ ይሄ አያምዎትም?»

«ምን ያማል ልጄ፣ ለምዶታል እኮ።»

ቃጠሎ ግን የሚለመድ ነገር አይደለም። ቆዳ ሊደድር ይችላል፤ ውኃ የቋጠረ ቁስል ማመም አለበት። ካላመመ ነርቩን መጠርጠር ነው። ለእነዚያ ሁለት ጣቶች የሚሄደው ነርቭ በክርናችን ከኋላ በኩል ያልፋል፤ ክርናችን ሲጋጭ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረን እሱ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው በእስክሪብቶ ጫፍ የነካሁትን ቦታ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። አውራ ጣታቸውን ስነካ ወዲያው አሳዩኝ። ትንሿን ጣት ሦስቴ ነካሁ።

«ጀምሪ እንጂ» አሉኝ።

ክርናቸውን ስዳስስ ነርቩ እንደ ገመድ ወፍሯል። ክንዳቸው ላይ «ቋቁቻ ነው» ብለው የተዉዋቸው ነጣ ያሉ ምልክቶች አሉ፤ እዚያም ብነካቸው አይሰማቸውም። እኔ ተማሪ ነኝ፤ ለበሽታ ስም ማውጣት ሥራዬ አይደለም። «ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ» ብቻ አልኳቸው። እሳቸው ግን ገብቷቸዋል። ዝም ብለው ቆዩና «ሰው ከሰማ እንጀራዬን ማን ይገዛኛል?» አሉኝ።

ሥጋ ደዌ ነበር። ጤና ጣቢያው ውስጥ አንድ ሠራተኛ የበሽታውን የድሮ ስም ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ሲጠራው እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። ያን ቀን ከበሽታው ይልቅ ያች ቃል ነበረች ያመመቻቸው። ተህዋሲውን ኖርዌያዊው ሐንሰን ካገኘው ከ1873 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ! አብዛኛው ሰው በሽታውን የሚቋቋም የተፈጥሮ አቅም አለው፤ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። እንጀራ በመብላት የሚመጣ ነገር አይደለም። በሽታው ጣት ይበላል የሚባለውም ስህተት ነው። በህንድ ቬሎር የሠራው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ እንዳሳየው፣ ጣት የሚጎዳው ሕመም ባለመሰማቱ በሚደርስ ቃጠሎና ቁስል ነው። ለዚህ ትምህርት እኛ ባዳ አይደለንም፤ አዲስ አበባ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ሥልጠና ነበር።

ጀርባቸውም ላይ ተመሳሳይ ምልክቶች ስለተገኙ ሕክምናው አንድ ዓመት ነው። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ በወር አንዴ የሚዋጠውን ባለሙያ ፊት ይውጣሉ። የነርቩ ጉዳት ስድስት ወር ያልሞላው ስለመሰለ ፕሬድኒሶሎንም ታዝዞላቸዋል። አሁን ሰባተኛ ወራቸው ነው። የቀለበት ጣታቸው በከፊል ይሰማቸዋል፤ ትንሿ ገና ናት። ክሎፋዚሚን የሚባለው ኪኒን ፊታቸውን ጠቆር ስላደረገው ደንበኞቻቸው «ፀሐይ መታዎት እንዴ?» ይሏቸዋል። አክንባሎውን በወፍራም ጨርቅ ማንሳት ሲጀምሩም «እጅዎ ሰነፈ» ያላቸው አለ። «አረጀሁ» ብለው ያልፉታል። ማታ ምጣዱ ሲበርድ መብራት ሥር ቁጭ ብለው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያያሉ። ዓይናቸው ደከም ስላለ፣ እኔ ቤት ስሄድ አብሬያቸው አያለሁ።